በእትዬ ዓይን ላይ የተቀመጠው ሸንጎ

ኮልፌ አጠና ተራ ዳር አንዲት ልብስ ሰፊ አሉ። ሰፈሩ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም ከዚያ ያለፈ ስም አላወጣላቸውም። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። የሁለቱም ዓይኖቻቸው የላይኛው ቆብ ቆዳ ላልቶ፣ ወርዶ ሽፋሽፍታቸው ላይ ተኝቷል። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት በአንድ እጃቸው ቅንድባቸውን ወደ ላይ ይይዛሉ፤ ያኔ ደግሞ መርፌውን የሚይዝ እጅ ያጣሉ። አንድ ጠዋት ቡና ላይ «ቀዶ ሕክምና አለው አሉኝ፤ ልሠራው ወይስ ልተወው?» ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። የጠየቁት አንድ ሰው ነበር፤ የፈረደው ሰፈሩ በሙሉ ነው።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ኮልፌ ያደገ ሰው ለተወረወረ ቃል መልስ ሳይወረውር አያመሽም። የእትዬ ዓይን የእትዬ ነው። ዳኛ ሆኖ ለተሰየመ ሁሉ መልሱን ልስጠው።

እሳቸውም መልስ አያጡም። ባለፈው ሰሞን ከ18 ማዞሪያ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ማዘር፣ አይተኙ! መውረጃዎ ያልፍዎታል» ብሎ ጮኸባቸው። «አልተኛሁም ልጄ፤ መልሴን እየጠበቅኩ ነው» አሉት። ታክሲው ሳቀ፤ መልሳቸውም ወዲያው መጣ። ግን እንዲህ ያለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣባቸው አውቃለሁ። «ደከመዎት?» «አልቅሰው ነው?» «ከማን ጋር ተጣሉ?» ሰው ሳይደክመው፣ ሳያለቅስና ሳይጣላ ለዚህ ሁሉ ማብራሪያ እየሰጠ መዋል የለበትም።

ወደ ሸንጎው ልግባ። መጀመሪያ የተናገረችው ቡናው ላይ የነበረች ወጣት ጎረቤት ናት።

«በዚህ ዕድሜያቸው ለማን ሊታዩ ነው?» አለች።

«ሊያዩ ነው» አልኳት።

«ለማየት መነጽር አለ።»

«መነጽር አድርገዋል። ቆዳው ያለው ከመነጽሩ በስተጀርባ ነው።»

አልተወችኝም። «ይሁን፤ ግን ውስጥ ውስጡን ለውበትም ነው።»

ቀና ብዬ አየኋት። ሽፋሽፍቷ የተቀጠለ ነው፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ደግሞም ያምርባታል። «የአንቺን ሽፋሽፍት ለማን ቀጠልሽው?» አልኳት።

«ለራሴ ነዋ!»

«ጎሽ። እትዬም ራስ አላቸው።»

ይህቺ ልጅ ክፉ አይደለችም። ክፋቱ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ፊቷን ለማስተካከል ስታስብ «ለማየት ነው» ብላ ካልማለች በስተቀር ፈቃድ የሚከለክላት አለ። እትዬ ሁለቱንም ይፈልጋሉ። መርፌውን ማየት ይፈልጋሉ፤ መስታወት ውስጥም ያልደከመች ሴት ማየት ይፈልጋሉ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሥር መደበቅ አይገባቸውም። የአገራችን ሠዓሊዎች ቅዱሳኑን ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጥተው፣ ክፉዎቹን ደግሞ ፊታቸውን አዙረው በአንድ ዓይን ሲሥሉ የኖሩ ናቸው። በዚህ አገር የዓይን መልክ ትንሽ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ ዛሬ በእትዬ ላይ ሲሆን ብቻ ትንሽ አናድርገው።

ሁለተኛዋ ዳኛ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አሮጊት ናቸው። «እግዜር የሰጠውን ቆዳ በቢላ መቀነስ ድፍረት ነው» አሉ። እማማን አከብራለሁ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ነው የጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ይሄ የአንገትዎ ንቅሳት ሲወለዱ ነበረ?»

«ኧረ እናቴ በልጅነቴ አስነቅሳኝ ነው!»

«በምን?»

«በመርፌና በጥላሸት።»

«አመመዎት?»

«አይ ልጄ! ትኩሳት ይዞኝ ከረመ እንጂ።»

«ለምን ታገሱት?»

«እንዳምር ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እማማም አብረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ድፍረት አላነሱም፤ «ይጸለይበት» ብቻ አሉ። ይጸለይበት፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ወንጌልን ከጻፉት አራቱ አንዱ ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ ጸሎትና ሕክምና አንድ ቤት ውስጥ ሲኖሩ ዘመን ቆጥረዋል።

የሰፈራችን ሐጂም ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ሲሰሙ ነበርና ጨመሩ። «ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ በውጊያ አፍንጫው ተቆርጦ በብር አሠርቶ ነበር። ብሩ ሸተተበት። ነቢዩ የወርቅ እንዲያሠራ ነገሩት» አሉ። ወርቅ ለወንድ የማይፈቀድ መሆኑን ጠጋ ብዬ ሳስታውሳቸው፣ «ለጌጥ አይፈቀድም፤ ለፊቱ ግን ፈቀዱለት» ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ። ከሸንጎው ሁሉ በአጭሩ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛው ዳኛ የተማረ ሰው ነው፤ ፋርማሲ ይሠራል። ስለዚህ ይሄኛው በደንብ አናደደኝ። «ሕክምና ሌላ፣ ውበት ሌላ። ውበት ቅንጦት ነው» አለኝ።

«የት ነው የምትኖረው?»

«ዘነበወርቅ።»

«እንግዲያው ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብህ አንተ ነህ።»

ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ በእሷ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ ቦታ አለርት ተቋቋመ፤ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎች የሥጋ ደዌን ሕክምና የሚማሩበት ማዕከል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጎኑ ተከፈተ። በሽታውን በመፍራት ከየአገሩ የተባረሩ ሰዎች በዙሪያው ቤት ሠሩ፣ ወለዱ፣ ጥልፍ ጠለፉ፣ ሸማ ሠሩ። የኮልፌ አንዱ ወገን የተሠራው በእነሱ እጅ ነው።

ሥጋ ደዌ ነርቭን የሚያጠቃ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ዓይንን የሚያስጨፍነውን ነርቭ ሲጎዳው ቆቡ አይገጥምም። ሰውየው ሲተኛ ዓይኑ ክፍት ነው። የዓይኑ ብሌን ደግሞ ስሜቱን ያጣል፤ አቧራ ሲገባበት አይሰማውም፣ አያሸውም፣ አያጥበውም። በዚያ መንገድ ይቆስላል፣ ይጠባሰሳል፣ ይታወራል። ለዚህ የተፈለሰፈው ቀዶ ሕክምና ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከጆሮ በላይ፣ ከምናኝክበት ጡንቻ ላይ ቁራጭ ይነሳና ወደ ዓይኑ ቆብ ይሳባል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ጥርሱን ሲነክስ ዓይኑ ይጨፈናል። ዓይን መጨፈንን እንደ አዲስ ይለማመዳል።

ይሄ ሕክምና ነው፤ ፋርማሲስቱም ይስማማል። ቅንድቡስ? ሥጋ ደዌ ቅንድብ ያረግፋል። መድኃኒቱ ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል፤ የረገፈውን ቅንድብ ግን አይመልሰውም። ሰውየው ድኗል፤ ገበያ ሲወጣ ግን ፊቱን ያየ ሁሉ ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ ሐኪሞች ከራስ ቅሉ ፀጉር ያለበትን ቆዳ ወስደው ቅንድብ ይተክላሉ። ይህ ቅንድብ እይታ አይጨምርለትም። በሽታም አይከላከልለትም። የሚሰጠው ሰው መሀል መቀመጥን ነው።

«ያን ቅንድብ ቅንጦት ትለዋለህ?» አልኩት።

«እሱማ አይባልም።»

«ሕክምና ነው?»

«አዎ።»

«ለመልኩ ነው የተሠራው?»

ዝም አለ። «ለመልኩ ነው» አለ በመጨረሻ። ዕዳውን ሳይከፍል የማይሄድ ሰው በመሆኑ ወድጄዋለሁ።

ስለ እትዬ ስጨነቅ የሚያስጨንቀኝም እዚሁ ዘነበወርቅ ያለው ታሪክ ነው። ለውበት ተብሎ በሚሠራው የቆብ ቀዶ ሕክምና ትልቁ ስሕተት ብዙ ቆዳ መቁረጥ ነው። ብዙ የተቆረጠበት ቆብ አይገጥምም፤ ሌሊት ክፍት ያድራል፤ ብሌኑ ይደርቃል። ሥጋ ደዌ በሰው ላይ ያደረሰውን በገንዘብ ገዝቶ መምጣት ማለት ነው። የዓይን ቆብ የመጀመሪያ ሥራው መዘጋት ነው። መከፈቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እትዬ ይህን ስነግራቸው በራሳቸው ሙያ ገባቸው፤ «ጨርቅ ሰፍቶ ቢመጣ ይጠባል፤ አጥሮ ከተቆረጠ ግን ከየት ይመጣል?» አሉ። ለሐኪሙ የሚነግሩትም ይህንኑ ነው፦ ይትረፍ እንጂ አይጉደል።

አራተኛው ዳኛ አጠና የሚጭን ወጣት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉ እንዲሰማው፣ «አገር ቤት እናቶች በትራኮማ ይታወራሉ፤ እሳቸው እዚህ ለላላ ቆዳ ይጨነቃሉ!» አለ።

«የት አገር ቤት?»

«ጎጃም።»

«ስለ እናቶቹ ምን ታውቃለህ?»

«ይታወራሉ አልኩህ እኮ።»

«ያ መጨረሻው ነው። መጀመሪያውን ቁጭ በልና ስማ።»

ቁጭ አለ። እኔም የምነግረው በቁጣ አይደለም፤ ጉዳዩ ቁጣዬን የሚበልጥ ነው። ትራኮማ፣ አገሬው የዓይን ማዝ የሚለው፣ ከሕፃንነት ይጀምራል። ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛውን ቆብ የውስጥ ገጽ ያጠባስሰዋል። ጠባሳው ዓመታት ሲያልፉ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ በእያንዳንዱ ርግብታ ብሌኑን ይፍቃል። ሴቶች ከሕፃናት ጋር ስለሚውሉ ይበዛባቸዋል። እናትየው ወረንጦ ይዛ ትነቅለዋለች፤ ማየት ሲያቅታት ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትነቅልላታለች። ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ያውም አጭርና ጠንካራ ሆኖ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጠና፣ ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰበት ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተገምቶ ነበር፤ ከሁሉም የከፋው ጫና ያለው በአማራ ክልል ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ራሱ የቆብ ቀዶ ሕክምና! የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች በጤና ጣቢያ ውስጥ በማደንዘዣ መርፌ ይሠሩታል፤ ወደ ውስጥ የዞረውን ቆብ ወደ ውጭ ያዞሩታል። በዚህ አገር የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና እንግዳ አይደለም። በገጠር ሴቶች ላይ በመቶ ሺዎች የተሠራ ነገር ነው። እንዴት በተሻለ እንደሚሠራ እንኳ የተፈተነው እዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 1,000 ሰዎች ላይ ሁለት የአሠራር መንገዶችን አወዳድሮ፣ በአንደኛው ከተሠሩት በ12 ወር ውስጥ ፀጉሩ የተመለሰባቸው 13 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የጎጃም እናቶች ዓይን ለዓለም ሐኪሞች መልስ ሰጥቷል።

«ታዲያ ሁሉም ለምን አይሠሩም?» አለ ልጁ። አሁን እየጠየቀ ነው፤ መፍረዱን ትቷል።

አንዳንዶቹ ይፈራሉ። አንዳንዶቹን የሚወስዳቸው ሰው የለም። አንዳንዶቹ «አዝመራው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ» ይላሉ። ወረንጦው ይበቃኛል የሚሉም አሉ፤ እነዚህን ደግሞ ማንቋሸሽ አይቻልም። ጥቂት ፀጉር ብቻ በተቀለበሰባቸው 1,300 ሰዎች ላይ በዚያው ክልል በተሠራ ጥናት፣ ከፊሉ ቀዶ ሕክምና አገኘ፣ ከፊሉ ጥሩ ወረንጦ ተሰጠው፣ የሚነቅልለት ሰውም ሠለጠነለት። በሁለት ዓመት ውስጥ ፀጉሩ ተመልሶ የነካቸው በወረንጦ የቀሩት ላይ በዛ፤ በእይታቸውና በብሌናቸው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ እዚያም ቢሆን፣ ዓይን እየተፋቀ እንኳ፣ ሴትየዋ ተነግሯት፣ ገብቷት «ቆይ፣ አሁን አይደለም» ስትል የሚያዳምጣት ሐኪም አለ። ፀጉሩ ብዙ ከሆነ ግን መቆየት ዓይን ያስከፍላል፤ ይህንንም በግልጽ ይነግሯታል።

«የእትዬ ቀዶ ሕክምና ቢቀር ያንዷ የጎጃም እናት ሽፋሽፍት ይመለሳል?» አልኩት።

«አይመለስም።»

«እንግዲያው አንዷን እናት በሌላዋ እናት አትምታ። አገርህ ስትገባ አክስትህን ወረንጦ ይዘው ካገኘሃቸው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው። ቤቱን የሚጠብቅ የለም ካሉህ አንተ ጠብቅ።»

«አክስቴ ወረንጦ አላቸው» አለ። በአንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል አለ፤ እሱ ጌጥ ይመስለው ነበር። ለፋሲካ ሲሄድ እንደሚወስዳቸው ቃል ገብቷል። ይህን ልጅ እንደ ዳኛ አልቆጥረውም ከዚያ ወዲህ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። አንዱ ባህል ዐዋቂ ነኝ ባይ «በምላጭ ቅንድቡን በጣ በጣ ቢያደርጉት ደሙ ሲወጣ ይቀላል» አለ። «ምላጩ ለጢምህ ይሁን» አልኩት። ቅንድብና ቆብ መብጣት በዚህ አገር ከጎጂ ልማዶች ተርታ ሲቆጠር የኖረው በምክንያት ነው። የውበት ሳሎን ያላት ደግሞ «እኔ ጋ ይምጡ፤ ያለ ሐኪም ቆዳውን እናሳጥረዋለን» አለች። «የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነት ሁሉ ስሱ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሥሩ ያለው ደግሞ ዓይን ነው። ቢሳሳት ማን ያድነዋል?» አልኳት። «ሐኪም ጋ እንልካቸዋለን» አለች። «እኛም መጀመሪያውኑ እዚያው እንልካቸዋለን።»

የእትዬ ባል ከሁሉም የዋህ ነው። «ለእኔ እንደ ድሮሽ ነሽ፤ ምን አደከመሽ?» አላቸው። «አንተማ ደግ ነህ፤ መርፌው ነው ያስቸገረኝ» አሉት። ሳቀና የታክሲ ብር ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በየሐኪም ቤቱ ወንበር አጠገባቸው የሚቀመጠው እሱ ነው፤ የሚጠበቅበትም ይኸው ነው።

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለች እህታቸው ግን ቁም ነገር ነገረቻቸው። እዚያ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ቆቡ እይታን መጋረዱ በምርመራ ሲታይ ነው። የጎንና የላይ እይታ ይለካል፤ ከዚያ የወረደውን ቆዳ በፕላስተር ወደ ላይ ይይዙትና እንደገና ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቆዳው ምን ያህል እንደሚወስድ ይናገራል። የእኛ የማኅበረሰብ ጤና መድን ለውበት የሚሠራን ቀዶ ሕክምና አይሸፍንም፤ ልኬቱ ግን የገንዘብ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከሰፈር ወሬ ይልቅ በዚያ ወረቀት ላይ መወሰን ይሻላል። እትዬ ተለኩ። ፕላስተሩ ሲለጠፍላቸው የላይኛው እይታቸው ተከፈተ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ መብራቱ የጠፋ መስሎኝ ነበር» አሉ።

እዚህ ላይ ከዳኞቹ ፊቴን መልሼ እትዬን የመሰሉትን ሁሉ ላናግር። የዓይን ሐኪም ሳያያችሁ ማንም አይቁረጣችሁ። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ስንቱን ሐኪም ያሠለጠነ ነው፤ ባለሙያ አለ። ቆዳው ነው የወረደው ወይስ ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ? ሁለቱ የተለያየ ቀዶ ሕክምና ናቸው። ጡንቻው ከሆነ ቆዳ ቢቆረጥ ምንም አይነሳም። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚወርድ ቆብ፣ በተለይ ሰው ሁለት ሆኖ ከታያችሁ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል የጡንቻ ድካም በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው መጀመሪያ መድኃኒት ነው። አንድ ዓይን በድንገት ወርዶ ራስ ምታት ወይም ሁለት ሁለት ማየት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ስኳርና ግፊት ያለባችሁ፣ ዓይናችሁ የሚደርቅ፣ ይህን ሁሉ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

አደጋውንም ልደብቀው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የቆብ ቀዶ ሐኪሞች ተጠይቀው በተሠራ ጥናት፣ ከዓይን ኋላ ደም መፍሰስ ከ2,000 ሰው በአንዱ ገደማ ይደርሳል፤ እይታን ለዘለቄታው ማጣት ከ22,000 በአንዱ። ትንሽ ነው። ለደረሰበት ሰው ግን ዓይኑ ነው። በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ከባድ ሕመም ከመጣ፣ ዓይኑ ከተገፋ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ማደር የለም። እትዬ ሐኪሙን «ሌሊት ብደውል ማን ያነሳል?» አሏቸው። ሐኪሙ የራሳቸውን ስልክ ጻፉላቸው። ይህን ጥያቄ ሰምቶ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ።

የእትዬ የመጨረሻ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ሲመረመሩ አብራ ሄዳ «እኔም ልሠራ» አለች። ኮሪያ ውስጥ ለምርቃት ስጦታ ይሠራላቸዋል ብላ ተከራከረች። እዚያ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ቆብ ላይ እጥፋት የማውጣት ሥራ ነው፤ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ እሱ ከጻፈ ጀምሮ ያለ። የልጅቷ ዓይን እጥፋት አለው፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መጽሐፍ ያነባል።

«ምኑን ነው የምታስተካክዪው?» አልኳት።

«በስልክ ፎቶ ስነሳ አንዱ ያንሳል።»

«እንግዲያው ስልኩ ይሠራ።»

አኮረፈች። ግድ የለኝም፤ ይህን የምለው ስለምወዳት ነው። «መብቱ የባለቤቱ ነው ስትል አልነበር እንዴ?» ብላ በራሴ ቃል መጣችብኝ። ነው። መብቱ የእሷ ነው፤ አስተያየቱ ደግሞ የእኔ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቤት ይኖራሉ። የእትዬን ቆዳ ዕድሜ አውርዶታል፤ ልኬትም መስክሮበታል። የእሷን ግን ማንም አልለካውም፤ የሰማችው የስልክ መስታወት ብቻ ነው። ሠላሳ ሲሞላት አሁንም ከፈለገች፣ እኔ ራሴ ቀጠሮ አስይዝላታለሁ። ዛሬ ግን የደህና ዓይን ቆዳ ቆርጦ መጣል የማይመለስ ነገር ነው፤ ጤነኛ ዓይኗን «ጎደሎ ነው» ብሎ የሸጠላትን ነው የምጠላው፤ እሷን አይደለም።

እትዬ ወሰኑ። ቀኑን የመረጡት በሥራቸው ነው፤ ስፌቱ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል፣ እብጠቱና ብልዙ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ በዚያ ጊዜ ስፌት መኪና ላይ ማጎንበስ የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይሻላል አሉ። ሠርግ የለም፤ የፋሲካ ቀሚስም ገና አልታዘዘም። ለሁለት ሳምንት ሱቁን የምትይዝላቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፤ ኦቨርሎኩን ከእሳቸው የተማረች።

ከዚያ በፊት ግን ዋጋ ለማወዳደር አንድ የውበት ክሊኒክ ሄደው ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ፊታቸውን አይቶ፣ ወረቀት አውጥቶ ሒሳብ ጀመረ። የላይኛውን ከሠሩ የታችኛውን በቅናሽ፣ ግንባሩን በመርፌ፣ ጉንጩን ደግሞ በሌላ። እትዬ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«የላይኛው ብቻ» አሉት።

«የታችኛውስ እናቴ? ከረጢት አውጥቷል እኮ!»

«የታችኛው መርፌ ሳስገባ አላስቸገረኝም» ብለው ቦርሳቸውን አነሱ።